ልጆችን ይዞ ወደ ሐረም፤ የረጅሙ መንገድ ውሎ

(በሬዲዮ ዝግጅት ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም። 

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። የዛሬው ርዕሳችን በሳዑዲ ዐረቢያና በሌሎቹ የባሕረ ሰላጤ አገሮች ከልጆቻቸው ጋር ለሚኖሩ ወንድሞችና እህቶች ይበልጥ ቅርብ ነው። አገር ቤት ያላችሁ አባቶችና እናቶችም የልጅ ልጆቻችሁ እዚያ ናቸውና አድምጡን፤ ስልክ ስትደውሉላቸው የምትመክሩት ነገር ታገኙበታላችሁ።

ከሪያድ እስከ መካ ያለው መንገድ 870 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በራሱ መኪና የሚሄድ ሰው ዕረፍቱን ሳይጨምር ከ8 እስከ 9 ሰዓት ይነዳል፤ በአውቶቡስ ከሆነ ደግሞ 10 ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። ከዱባይ የሚነሳ ቤተሰብ ወደ 1,900 ኪሎ ሜትር ይጠብቀዋል፤ በመሐልም ድንበር አለ። በመካና በመዲና መካከል ያለው 450 ኪሎ ሜትር ግን ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ፈጣን ባቡር ስለሚሠራበት፣ አቅሙ ላለው ሰው ልጆችን ይዞ ለመጓዝ ከመኪና የተሻለ ነው። ሆኖም ሦስትና አራት ልጅ ያለው ሠራተኛ የአውሮፕላንና የባቡር ዋጋ ሲያሰላ መጨረሻ ላይ የሚይዘው የመኪናውን ቁልፍ ነው። እኛም የምንናገረው ለዚህ ሰው ነው።

ወላጆች ይህን ያህል ወጪ የሚያወጡት የልጆቻቸው ልብ ከአላህ ቤት ጋር እንዲተሳሰር ብለው ነው። ልጁ ግን ወደ ቤቱ ሲመለስ ምን ይዞ ይመለሳል? ስለ ካዕባ ሲጠየቅ የሚያስታውሰው ከኋላ ወንበር ላይ ማስመለሱን፣ ውሃ መከልከሉን፣ አባቱ መሪ እንደያዘ ዞሮ መጮሁን ከሆነ፣ ያ ሁሉ ድካም ለምን ነበር? ከዚህ የሚብሰው ደግሞ የሕይወት ጉዳይ ነው። በዚያ ቀጥ ባለ በረሃማ መንገድ ላይ እንቅልፍ የጣለው ሹፌር የሚጭነው አማና የራሱን ነፍስ ብቻ አይደለም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጉዞ የቅጣት ቁራጭ መሆኑን፣ ሰውን ከምግቡ፣ ከመጠጡና ከእንቅልፉ የሚያግድ መሆኑን መናገራቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ይህ የተነገረው ወዴት እንደሚሄድና ለምን እንደሚሄድ ለሚያውቅ አዋቂ ነው። የሦስት ዓመት ሕፃን ግን መካን አያውቅም፤ ዑምራንም አያውቅም። የሚያውቀው መታሰሩን፣ መራቡንና እንቅልፉ መዛባቱን ነው። ስለዚህ ሲነጫነጭ ባለጌ ሆኖ አይደለም፤ ነቢዩ የነገሩንን እየመሰከረ ነው።

እስቲ ከመነሻው እንጀምር። ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የሳዑዲ የሳምንት ዕረፍት ዓርብና ቅዳሜ ነው። በዚህ ምክንያት የተለመደው አካሄድ የሚከተለው ነው፦ አባት ሐሙስ እስከ ማታ ሲሠራ ይውላል፤ እቤት ሲደርስ እናት ሻንጣውን ጠቅልላ ትጠብቀዋለች፤ ፊቱን ታጥቦ ቡናውን ይጠጣና ሌሊቱን ሙሉ ሊነዳ ይነሳል። ልጆቹ ይተኛሉ፣ መንገዱም ባዶ ነው፣ ሙቀትም የለም ይባላል። የሌሊት ጉዞን የሚያበረታታ፣ ምድር በሌሊት እንደምትጠቀለል የሚገልጽ ሐዲስ በአቡ ዳውድ መዘገቡም ይጠቀሳል። ሐዲሱ እውነት ነው። ነገር ግን የተነገረው ግመል ላይ ለሚጓዙ ሰዎች መሆኑን አንርሳ። ልዩነቱን የሚያሳየን ሌላ ሐዲስ በሙስሊም ተዘግቧል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ የሌሊት ጉዞ ላይ ግመላቸው ላይ ሆነው እንቅልፍ ሸለብ እያደረጋቸው ያዘነብሉ ነበር። ከጎናቸው የሚጋልበው አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ሳይቀሰቅሳቸው በእጁ ደገፋቸው፤ አሁንም ሲያዘነብሉ ደገፋቸው፤ በሦስተኛው ሊወድቁ ሲቃረቡ ሲደግፋቸው ነቁና ማን እንደሆነ ጠየቁት፤ ዱዓም አደረጉለት። ከዚያ በኋላ ከመንገዱ ገለል ብለው ተኙ።

ግመል ጌታዋ ቢያንጎላጅ መንገዷን አትስትም። መኪና ግን በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ሲነዳ በአንድ ሰከንድ 33 ሜትር ይሄዳል። ሹፌሩ ለአራት ሰከንድ ዓይኑን ቢከድን ከ130 ሜትር በላይ፣ ማለትም ከአንድ የኳስ ሜዳ የሚበልጥ ርቀት፣ ያለ ሹፌር ተነዳ ማለት ነው። በዚያ መንገድ ላይ ደግሞ በጨለማ የሚያቋርጥ ግመል አለ። የዘመናችን አቡ ቀታዳ ከፊት ወንበር የተቀመጠችው እናት ናት። እሷም ልጅ ስታባብል አምሽታ ደክማለችና ሁለቱም ሲያንጎላጁ ማን ማንን ይደግፋል? ቡናም ሆነ የተከፈተ መስኮት እንቅልፍን አይተኩም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሌሊቱን ሙሉ በዒባዳ ለሚያሳልፈው ሰሐባ እንኳ ዓይኑም አካሉም በእሱ ላይ ሐቅ እንዳላቸው ነግረውታል። ለዒባዳ ያልተፈቀደው እንዴት ለመሪ ይፈቀዳል?

እኛ የምንመክረው ሐሙስ ማታ ተኝቶ ዓርብ ከሱብሂ ሶላት በኋላ መነሳትን ነው። ልጆች ከፍራሽ ተነስተው መኪና ውስጥ ሲገቡ እንደገና ይተኛሉ፤ የመጀመሪያው 200 ኪሎ ሜትር ጸጥ ባለ ሁኔታ ያልቃል። ጁሙዓስ? የሚል ይኖራል። መንገደኛ የጁሙዓ ግዴታ የለበትም፤ ነገር ግን ከፈጅር በኋላ ጉዞ መጀመርን በተመለከተ በመዝሀቦች መካከል ልዩነት ስላለ፣ በተለይ የሻፊዒይ መዝሀብ ተከታይ የሆነ ሰው በመንገዱ ላይ ባለ ከተማ ቆሞ ኹጥባውን ሰምቶ ቢሰግድ ከክርክሩ ይወጣል፤ ልጆቹም ያርፋሉ። አንድ ተጨማሪ የዕረፍት ቀን ከአሠሪው ማግኘት የሚችል ደግሞ ያግኝ። ማግኘት የማይችልና ዓርብና ቅዳሜን ብቻ የያዘ ሰው ሦስት ሕፃናት ጭኖ በሁለት ቀን ከ1,700 ኪሎ ሜትር በላይ ደርሶ መልስ ባይነዳ ይሻለዋል። ዑምራ የትምህርት ቤት ዕረፍት እስኪመጣ ሊጠበቅ ይችላል።

ከመነሳት በፊት የልጆች መቀመጫ ይታሰር። በዚህ ላይ ሕዝባችን ቸልተኛ ነው፤ እናቶች ሕፃኑን ታቅፈው ከፊት መቀመጥን የርኅራኄ ምልክት ያደርጉታል። መኪናው ድንገት ሲቆም ግን አሥር ኪሎ የሚመዝን ሕፃን የእናት ክንድ ሊይዘው ከሚችለው በላይ ይከብዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ ተገቢው የልጅ መቀመጫ በግጭት ጊዜ የጨቅላ ሕፃናትን የሞት አደጋ በ70 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ግመሉን እሰር፣ ከዚያም በአላህ ተመካ የሚለውን ትርጉም ያዘለውን የቲርሚዚ ሐዲስ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የዛሬው ማሰሪያ ይኸው ቀበቶ ነው። የመንገድ ዱዓውን፣ ከሱረቱ ዙኽሩፍ የምንቀራውን ጭምር፣ ሁሉም ከታሰረ በኋላ ጮክ ብለን ብናደርገው ልጆቹም ይለምዱታል።

በየሁለት ሰዓቱ መቆም ያስፈልጋል። ለሹፌሩም ለልጆቹም ነው። ሹፌር የሆነ ወንድማችን፣ ነዳጅ ሳያልቅ ማቆም እንደ ሽንፈት የሚቆጠርብህ ከሆነ፣ ይህ ውድድር አይደለም። ሪያድን ከለቀቅን በኋላ አል-ቁወይዒያ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አለ፤ ወደ ጧኢፍ ስንቃረብም ዙልምና አል-ሙወይህ አሉ። በመካከሉ በየነዳጅ ማደያው መስጊድ፣ መጸዳጃና ሱቅ ይገኛል። የመጸዳጃው ንጽሕና ሁልጊዜ የሚያስደስት አይደለም፤ ለትንንሾቹ ፖፖ፣ ፕላስቲክ ከረጢት፣ እርጥብ ሶፍትና አንድ ጀሪካን ውሃ ከመኪናው የማይለይ ስንቅ ይሁን።

እዚህ ላይ ሸሪዓ ለመንገደኛ የሰጠውን ገር ነገር በአግባቡ እንጠቀም። ከከተማው ከወጣን በኋላ ባለ አራት ረከዓ ሶላቶች ሁለት ይሆናሉ። በሻፊዒይ፣ በማሊኪና በሐንበሊ መዝሀቦች ዙህርን ከዐስር፣ መግሪብን ከዒሻእ ማጣመር ይፈቀዳል፤ የሐነፊ መዝሀብ ተከታይ የሆነው ወንድማችን ደግሞ ዙህርን ወደ ወቅቱ መጨረሻ አዘግይቶ ዐስርን በወቅቱ መግቢያ ላይ በመስገድ በአንድ መቆሚያ ሁለቱንም ያገኛል። ልጆች ላሉት ሰው የዚህ ጥቅሙ ምንድን ነው? አራት አጫጭር ጥድፊያዎች ሳይሆኑ ሁለት ረጅም ዕረፍቶች ይኖራሉ ማለት ነው። ባልና ሚስት ተራ በተራ ይስገዱ፤ አንዱ ሲሰግድ ሌላው ልጆቹን በመስጊዱ ግቢ ያሯሩጥ። በማደያ ቦታ ልጅ ያለ ተቆጣጣሪ አይለቀቅ፤ ከባድ መኪኖች ወደ ኋላ የሚሄዱበት ቦታ ነው። ሕፃን በመስጊድ ሲያለቅስ ፊታቸውን የሚያጠቁሩ ሰዎች ካጋጠሟችሁ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የልጅ ልቅሶ ሲሰሙ ለእናቱ አስበው ሶላታቸውን ያሳጥሩ እንደነበር፣ የልጃቸውን ልጅ ኡማማንም ተሸክመው መስገዳቸውን አስታውሱ።

ስለ ውሃ እንነጋገር። መቆም እንዳይበዛ ብለው ለልጆች ውሃ የሚከለክሉ ወላጆች አሉ። ይህ አይደረግም። በበጋ ወራት ያ በረሃ ከ45 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ የመኪናው ማቀዝቀዣ ቢሠራም አየሩ ደረቅ ነው። ውሃው በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ ይሰጥ። ለተቅማጥና ለትውከት የሚሆን የኦ አር ኤስ ዱቄት ይያዝ፤ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ የሚበጠበጠው ማለታችን ነው። ከማደያው አጠገብ የሚሸጠው ቅባት የበዛበት ሩዝና ጥብስ ለአባት ይጣፍጥ ይሆናል፤ ለልጅ ሆድ ግን ከጠመዝማዛ መንገድ በፊት ጠላት ነው። ዳቦ፣ ሙዝ፣ ተምር፣ ደረቅ ብስኩት ይበቃል። ቆሎና ለውዝ ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ በሚሄድ መኪና ውስጥ አይሰጥ፤ ቢያንቀው ከኋላ ማንም አያየውም።

ልጁ እንዲተኛ ብለው የጉንፋን ወይም የአለርጂ ሽሮፕ የሚሰጡም አሉ። ይህን በግልጽ እንናገረው፤ የማይታመም ልጅን በመድኃኒት ማስተኛት ነው፤ በተለይ ከሁለት ዓመት በታች ያለን ሕፃን ትንፋሹን እስከማዳከም ሊያደርስ ይችላል። ሐኪም ካላዘዘ አይሰጥ። እንደዚሁም "አሁን እመለሳለሁ፣ ተኝቷል" ብሎ ልጅን በቆመ መኪና ውስጥ ዘግቶ መሄድ የለም። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ በ10 ደቂቃ ብቻ 10 ዲግሪ ያህል ይጨምራል፤ የሕፃን ሰውነት ደግሞ ከአዋቂ ይልቅ በፍጥነት ይግላል። ልጁ ቢነቃና ቢያለቅስ ይሻላል።

መኪና ውስጥ ማጥወልወል የሚበዛው ከሁለት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ነው። ስልክ ላይ አቀርቅሮ የሚመለከት ልጅ ቶሎ ያጥወለውለዋል፤ አንገቱን ቀና አድርጎ ወደ ሩቅ፣ ወደ ፊት ቢያይ ይቀልለዋል። ስልክ ፈጽሞ አይሰጥ አንልም፤ ዘጠኝ ሰዓት ረጅም ነው። ነገር ግን ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ይሰጥ፣ ተራራው ሲደርስ ይሰብሰብ።

ተራራው የት ነው? ጧኢፍ ላይ ነው። ከሪያድ የመጣ ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው በአስ-ሰይል አል-ከቢር በኩል የሚሄደው ነው፤ ሚቃቱ ቀርኑል መናዚል እዚያው ነው፤ ከመካ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ አውቶቡሶችም የሚሄዱበት ረጋ ያለ መንገድ ነው። ሁለተኛው በአል-ሀዳ በኩል ተራራውን እየተጠማዘዘ የሚወርደው ሲሆን፣ የዋዲ መህረም ሚቃት ያለው በዚያ ነው። እይታው እጅግ ያምራል፤ ርቀቱም ያጥራል። ልጆች ላሉት ሰው ግን ሰይልን እንመርጣለን። ስምንት ሰዓት የተቀመጠ ልጅ በሀዳ መታጠፊያዎች ላይ ሆዱን አይችልም፤ ኢህራም የለበሰው አባትም ልብሱ ነጭ ነው! በየትኛውም በኩል ቢወረድ ከፍታው ስለሚቀንስ የልጆች ጆሮ ይደፈናል፤ ሕፃን ጡት ወይም ጡጦ፣ ተለቅ ያለው ውሃ ወይም ማስቲካ ያግኝ።

ከዚህም የሚሻለው ጧኢፍ ማደር ነው። ጧኢፍ ከሚቃቱ በፊት ስለሆነች እዚያ ለማደር ኢህራም አያስፈልግም። ደጋ ናት፤ ሌሊቷ ይቀዘቅዛል፤ የማደሪያ ዋጋዋም በወቅቱ ከመካ ይቀንሳል። ልጆቹ ታጥበው፣ በልተው፣ ተኝተው ያድራሉ፤ ጠዋት ከሚቃቱ ኢህራም ተደርጎ ከሁለት ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ መካ ይገባል። ዛሬ የዑምራ ፈቃድ በኑሱክ አማካይነት በቀንና በሰዓት የሚያዝ በመሆኑ፣ ሰዓቱን ስትመርጡ ይህን አስባችሁ ምረጡ እንጂ ፈቃዱን በመጀመሪያ ይዛችሁ ከኋላው በ140 አትሩጡ።

ልጆቹንስ ኢህራም እናስገባ ወይ? ብለው የሚጠይቁ ብዙ ናቸው። አንዲት ሴት ሕፃኗን ከፍ አድርጋ ለዚህ ሐጅ አለው ወይ ብላ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ስትጠይቅ፣ እንዳለውና ለእሷም ምንዳ እንዳላት መልሰውላታል፤ ሙስሊም ዘግቦታል። ስለዚህ ይፈቀዳል፣ ምንዳም አለው። ግዴታ ግን አይደለም። ነገሩን የሚለይ ልጅ በአሳዳጊው ፈቃድ ራሱ ይነይታል፤ ለማይለየው አሳዳጊው ይነይትለታል። የደከመና የታመመ ልጅ ያለው ሰው ልጁን በተራ ልብሱ ይዞት ቢገባ ምንም ኃጢአት የለበትም።

ሳያድሩ በቀጥታ የሄዱትም ቢሆኑ መካ እንደደረሱ በእኩለ ሌሊት ልጆቹን እየጎተቱ ወደ ጠዋፍ መግባት የለባቸውም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ወደ መካ ሲመጡ ዚ ጡዋ በተባለው ቦታ አድረው፣ ሱብሂን ሰግደው፣ ታጥበው በቀን ይገቡ እንደነበር ከኢብን ዑመር (ረ.ዐ) በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። እሳቸው ካደሩ እኛ ምን አስቸኮለን? በኢህራም ላይ ሆኖ መተኛት ይቻላል።

አሁን ወደ መኪናው ውስጥ እንመለስ፤ ምክንያቱም ያ ሁሉ ሰዓት በዝምታና በቁጣ ብቻ ሊያልፍ አይገባም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጆችን ከፊታቸውና ከኋላቸው ያፈናጥጡ ነበር። አላህን ጠብቅ፣ ይጠብቅሃል የሚል ትርጉም ያለውን ያንን ታላቅ ምክር ለኢብን ዐባስ የመከሩት ልጅ ሆኖ ከኋላቸው ተፈናጦ ሳለ ነው። የኮርቻው ላይ ትምህርት እስከ ዛሬ ደርሶናል። የባሕረ ሰላጤ ልጆቻችን ዐረብኛው አፋቸውን ፈቶ አማርኛው እየከበዳቸው ነው፤ አያታቸው ሲደውሉ "ሰላም" ብለው ስልኩን ለእናታቸው ይሰጣሉ። አባት ከሥራ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ሳይጠራቸው ዘጠኝ ሰዓት በአንድ ክፍል የሚቀመጡበት ቀን ከዚህ ሌላ የለም። ከወሎም፣ ከጅማም፣ ከሐረርም የተነሱ አባቶቻችን በእግርና በበቅሎ ቀይ ባሕር ዳርቻ ደርሰው፣ በጀልባ ተሻግረው ሐጅ ማድረጋቸውን በአማርኛ ይንገሯቸው። ልጆቹ ስለ ሰዓት ሲጨቀጭቁ "ሁለት ሰዓት ቀረ" ቢባሉ አይገባቸውም፤ "ሁለት መቆሚያ ቀረ" ይባሉ።

ሦስት ሆነው የሚጓዙ ሰዎች አንዱን አሚር እንዲያደርጉ ሐዲስ አለ። የቤተሰቡ አሚር ይታወቃል። ቢሆንም ለአሥር ዓመቱ ልጅ የውሃ ኃላፊነት፣ ለስምንት ዓመቷ የቆሻሻ ከረጢት ኃላፊነት ቢሰጥ ጠቡ ይቀንሳል። የመስኮቱ መቀመጫም በየመቆሚያው ተራ ይገባበት።

በአውቶቡስ ለምትጓዙ እህቶች ደግሞ፣ ከተቻለ ከመሐል ወደ ፊት ያለውን መቀመጫ ያዙ፤ የኋላው ይንጣል። ማቀዝቀዣው ሌሊት እስኪያንቀጠቅጥ ስለሚሠራ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ከእጅ አይጥፋ፤ ከሥር ሻንጣ ማስቀመጫ ከገባ አታገኙትም። ሹፌሩን ከመነሳት በፊት ስንት ቦታ እንደሚቆም ጠይቁት። የልጁ እጅ ላይ ስልካችሁን ጻፉ፤ በሚቆምበት ቦታ ብዙ አውቶቡስ አለና። በሳዑዲ የቀይ ጨረቃ አምቡላንስ 997 ነው፤ በሪያድ፣ በመካ፣ በመዲናና በምሥራቁ ክፍላተ አገር 911 ይሠራል። ልጆቻችሁም ይህን በቃላቸው ይወቁት።

የመመለሻው መንገድ ከመሄጃው ይከብዳል። ጉጉቱ አልቋል፣ አባት እሑድ ሥራ አለበት፣ ልጅ ጉሮሮውን ታሟል፣ ሻንጣው በዘምዘምና በስጦታ ተሞልቷል። አብዛኛው ሰው የሚሄድበትን በደንብ ያቅድና መመለሻውን ለአላህ ብሎ ይተወዋል። ተመሳሳዩን ዕቅድ ለመመለሻውም አድርጉ፦ ተኝቶ መነሳት፣ በየሁለት ሰዓቱ መቆም፣ እንቅልፍ ከመጣ ማደያው ግቢ ገብቶ መተኛት። እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት ማርፈድ የደመወዝ ጉዳይ ነው፤ ለአለቃም ይነገራል።

ልጆች በሐረሙ ውስጥ፣ በጠዋፍና በሰዕይ ጊዜ እንዴት እንደሚያዙ በሚቀጥለው ዝግጅታችን እንመለስበታለን፤ ኢንሻአላህ።